የጉራጊኛ ዓረፍተ ነገር ሴቭ ሲደረግ ከአንዷ ፊደል በኋላ ያለው ይጠፋል፤ ችግሩ ፎንት ነው ወይስ ኮድ?

የጉብሬዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር የጉራጊኛ መዝገበ ቃላት ዌብሳይት እየሠራን ነው። ቃሉ፣ የአማርኛ ፍቺው፣ ከሥሩ አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። በቃ ይኸው ነው። አማርኛው ምንም አላስቸገረንም። ጉራጊኛው ላይ ግን ሦስት ነገር ገጥሞናል።

አንደኛ፣ እነ ⷈ እና ᎈ አንዳንድ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው ይመጣሉ። ሌላ ስልክ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ሁለተኛ፣ በተሻሻለው አጻጻፍ የምንጠቀምባቸው አዳዲስ ፊደላት ያሉበት ዓረፍተ ነገር ሴቭ ሲደረግ ይቆረጣል። ፊደሏ ጋ ሲደርስ ያቆማል። እሷም የለችም፣ ከእሷ በኋላ ያለውም የለም። ስህተት አለ እንኳን አይልም። "ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን" ይለናል።

ያናደደኝ ሦስተኛው ነው። መፈለጊያው ላይ ᎈ ያለበት ቃል ስናስገባ "እባክዎ በግዕዝ ፊደል ብቻ ይጻፉ" የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። በምን ፊደል የጻፍኩ መስሎት ነው?

ሰርቨር ያከራዩንን ሰዎች ስንጠይቅ "ፎንት ቀይሩ" አሉን። ቀየርን። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሰነፍ_ኮደር፦

ፎንት ነው። ሳጥን ካየሽ ሁልጊዜ ፎንት ነው።

ባይት_ቆጣሪ፦

የመጀመሪያው አዎ፣ ፎንት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ከፎንት ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። እህቴ፣ ሦስት የተለያየ ችግር ነው ያለሽ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጣል። ሀ 4608 ነው። አ 4768 ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው ቁጥሩ ነው። ፎንት ማለት ለቁጥሩ መልክ የሚሰጥ ፋይል ነው። ስልኩ ላይ ያለው ፎንት ለዚያ ቁጥር መልክ ካልተሳለለት ሳጥን ይወጣል። ቁጥሩ ግን በቦታው አለ። ስለዚህ ሳጥን ያየሽበት ጽሑፍ አልጠፋም። ኮፒ አድርገሽ ፎንቱ ያለበት ማሽን ላይ ብትለጥፊው በትክክል ይነበባል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። እሱን ለመረዳት ፊደሎቻችን ዩኒኮድ ውስጥ መቼና የት እንደገቡ ማወቅ ይጠቅማል። ሁሉም አንድ ላይ አልገቡም።

የመጀመሪያው ምድብ እ.ኤ.አ. 1999 በዩኒኮድ 3.0 ገባ። 345 ምልክቶች ነበሩ። አማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ በዚህ ይሸፈናሉ። እ.ኤ.አ. 2005 በ4.1 ሁለት ተጨማሪ ምድቦች መጡ። የሰባት ቤት ጉራጌ፣ የብሊን፣ የመኤን ፊደላት ያኔ ነው የገቡት። የዜማ ምልክቶችም፣ እነ ይዘትና ደረት፣ አብረው ገቡ። እ.ኤ.አ. 2010 ደግሞ የጋሞ ጎፋ ዳውሮ፣ የባስኬቶና የጉሙዝ ተራ ሆነ። እ.ኤ.አ. 2021 በ14.0 ላይ 28 ተጨማሪ የጉራጊኛ ፊደላት ተጨመሩ። እናንተ ጋ ጽሑፉን የሚቆርጡት እነዚህ መጨረሻ የመጡት ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ።

ለምን መሰለሽ? ቁጥራቸውን ተመልከቺ። ᎈ ልክ 5000 ነው። ⷈ 11720 ነው። የ2021ዱ የመጀመሪያ ፊደል 𞟠 ግን 124896 ነው። ቀድሞ የነበረው ሰሌዳ 65536 ቦታ ነው ያለው፣ እሱም ሊሞላ ተቃርቧል። ስለዚህ አዲሶቹ ከሰሌዳው ውጪ ተቀመጡ። አሁን ጣጣው ይመጣል።

ድረ ገጾች ቁጥሩን የሚያስቀምጡት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው መንገድ ነው። ባይት ማለት ኮምፒውተር መረጃ የሚያስቀምጥባት ትንሽ ቦታ ናት። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል። የእኛ ሦስት ባይት ነው። አ ለምሳሌ 225፣ 138፣ 160 ሆኖ ይጻፋል። ከ65535 በላይ የሆነ ሁሉ ግን አራት ባይት ይፈልጋል። 𞟠 ማለት 240፣ 158፣ 159፣ 160 ነው።

ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ዝም ብለሽ "ዩቲኤፍ8" ብለሽ ሰንጠረዥ ከከፈትሽ፣ የድሮዎቹ ቅጂዎች የሚሰጡሽ ሦስት ባይት ብቻ የሚችለውን ነው። ስሙ ሙሉውን ይመስላል፣ ግን አይደለም። አራት ባይት ያለው ፊደል ሲመጣበት፣ ጥብቅ ቁጥጥሩ ከበራ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ከጠፋ ደግሞ እዚያው ላይ ቆርጦ የቀረውን ይጥላል። ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ግን ማን ያየዋል? የእናንተው ገጽ "እናመሰግናለን" ያለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛውን ከምሳ በኋላ እመለስበታለሁ።

የጉብሬዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ። እውነትህን ነው፣ የሚቆርጡት በሙሉ አዲሶቹ ናቸው። ⷈ ያለበት ዓረፍተ ነገር አንድም አልተቆረጠም። ሰርቨሩን ሳልነካ ማረጋገጥ የምችልበት መንገድ አለ?

ባይት_ቆጣሪ፦

አለ። እዚያው ፎርም ላይ የሚስቅ ፊት ኢሞጂ ከትተሽ ከኋላው አንድ ቃል ጻፊና ሴቭ አድርጊ። ኢሞጂው ቁጥሩ 128512 ነው፣ እሱም አራት ባይት። ከነቃሉ ከጠፋ መልሱን አገኘሽ።

ሰነፍ_ኮደር፦

ኧረ ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? አሮጌ ፎንት ውሰዱ። ማንም የማይጠቀምበት ቁጥር ላይ የጉራጊኛውን ፊደል ሥዕል አስቀምጡ። አለቀ። የዱሮዎቹ እንዲህ አልነበር የሚሠሩት?

ጋሽ_ማተሚያ፦

ልጄ፣ የዱሮዎቹ መሀል እኔ ነበርኩበት። ላስረዳህ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በእርሳስ ፊደል ነው። እያንዳንዷ ሆሄ የራሷ ሳጥን ነበራት። ሰድሩ ሰፊ ስለሆነ ለቃሚው ቆሞ እየተንቀሳቀሰ ነበር የሚለቅመው። የጽሕፈት መኪናው ደግሞ ይህን ሁሉ ፊደል አይችልም። ስለዚህ ፊደሉን ትመታና ቅጥያውን ከጎኑ ወይም ከእግሩ ሥር ትመታበታለህ። ያ ጽሑፍ ሲታይ ፊደሉ የተሰነጣጠቀ ይመስላል። ግን ይነበብ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ፎንት የሚችለው 256 ቦታ ነበር። ከዚያ ላይ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ የተያዙ ናቸው። 224 ቀረ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ብታባዛ 231 ነው። ገና ዲቃላው፣ አኃዙ፣ ነጥቡ አልተቆጠረም። ስለዚህ አንዱ ኩባንያ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው እየቀጣጠለ ሠራው። እያንዳንዱ በራሱ ሰሌዳ። አንዱ ጋ ሀ የሆነው ቁጥር ሌላው ጋ ሌላ ነገር ነው። በፍሎፒ የመጣ ጽሑፍ ስትከፍት ፎንቱ ከሌለህ የሚወጣልህ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ክምር ነው። ዛሬም ያን ዘመን የተጻፉ መጻሕፍት ፋይላቸው እያለ መክፈት ያልቻልን አለን። እንደገና በእጅ ነው የምናስለቅመው።

አንተ የምትለው ወደዚያ መመለስ ነው። ፎንቱ እስካለ ያምራል። አንድ ቀን ፎንቱ ይጠፋል፣ መዝገበ ቃላቱም አብሮ ይሄዳል።

ሰነፍ_ኮደር፦

እሺ ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ 😀 (ይቺ ኢሞጂ አራት ባይት ናት፣ የዚህ መድረክ ዳታቤዝ ጤነኛ ነው ማለት ነው)።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያው አንዳንዱ ሰው ᎈን ትቶ ፏ ብሎ ይጽፋል። ፏ 1999 ጀምሮ አለች፣ የትም ስልክ ላይ ትታያለች። አንባቢው ይገባዋል። ለምን በዚህ አትኖሩም?

ቋንቋ_ወዳድ፦

አይገባውም። ልዩነቱ የጌጥ ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር።

ከሰባት ቤት ጉራጌ አንዱን፣ ቸሃን እንውሰድ። "ከፈት" የሚል ግንድ አለ። ትርጉሙ ያው እንደ አማርኛው መክፈት ነው። "እሱን" የሚል ተሳቢ ሲመጣበት መሀል ያለችው ፈ ከንፈር ይጨመርባትና (ማለትም ከንፈር ክብ ተደርጎ ትነገርና) "ከᎈት" ይሆናል። ልብ በሉ፣ ሌላ ቅጥያ የለውም። አማርኛ መጨረሻ ላይ "ው" ወይም "ት" ብሎ የሚለጥፈውን ቸሃ ፊደሏን በመለወጥ ነው የሚናገረው። "መሰር" የሚለውም እንዲሁ "ᎀሰር" ይሆናል። አንዳንዱ ግስ ላይ መጨረሻዋ ፊደል ትለወጣለች፣ አንዳንዱ ላይ መካከለኛዋ፣ አንዳንዱ ላይ የመጀመሪያዋ። ከንፈር የምትቀበለዋን ከኋላ እየፈለገ ነው የሚሄደው።

ለሴት ስታዝም ነገሩ ወደ ላንቃ ይዞራል። ወንዱን "ፍረኽ" ትለዋለህ፣ ታገሥ ማለት ነው። ሴቷን ስትላት መጨረሻ ያለችው ኽ ትለሰልስና "ፍረⷕ" ይሆናል። በአማርኛ "ታገሥ" እና "ታገሺ" ማለት ነው። ⷕ ሳጥን ከሆነች ወይም ሰው ቸኩሎ ኽ ብሎ ከጻፋት ለወንድ ይሁን ለሴት አይታወቅም።

ፏ ደግሞ ራብዕ ናት። ᎈ ግዕዝ ናት። ጉራጊኛ ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል። ፏን ለሁለቱም ካዋልናት ተማሪው የቱን እንደሚያነብ በምን ይወቅ?

ላቲን_ይሻለናል፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ጋሞዎቹ፣ ወላይታዎቹ፣ ዳውሮዎቹ ወደ ላቲን ሄደው ተገላገሉ። እናንተ እዚህ ባይት ትቆጥራላችሁ።

ቋንቋ_ወዳድ፦

በየትኛው ፊደል ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው ተናጋሪው ነው። እዚህ የተጠየቀው እሱ አይደለም። ጉራጊኛ በግዕዝ ፊደል እየተጻፈ ነው፣ ስለዚህ መሥራት አለበት።

የጋሞው ነገር ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ነበር የተካሄደው፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል። ኋላ ብዙዎቹ ወደ ላቲን ዞሩ። የጋሞ ጎፋ ዳውሮ የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. 2010 ነው። ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ወደ ላቲን ሄዷል። ኮዱ በዋናነት የሚያገለግለው በፊት የታተመውን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ነው። ያም ቢሆን ይጠቅማል፤ የታተመ መጽሐፍ ኮድ የሌለው ፊደል ካለበት ስካን አድርገህ ሥዕሉን ነው የምታስቀምጠው እንጂ ልትፈልግበት አትችልም።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ባይት_ቆጣሪ በደንብ አስረድቶታል። እኔ የምጨምረው ለምን እንዲህ በየአምስት በየአሥር ዓመቱ ጠብ ጠብ እያለ እንደሚገባ ነው።

ዩኒኮድ ሲሠራ ፊደላችንን በሁለት መንገድ ማስገባት ይቻል ነበር። አንደኛው ሕንዶቹ ደቫናጋሪን ያስገቡበት ነው። ተነባቢው አንድ ቁጥር፣ አናባቢው ሌላ ቁጥር፣ ሲገናኙ ፎንቱ ያቀናጃቸዋል። ሁለተኛው እያንዳንዷን ሆሄ እንዳለች መቁጠር ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ እያልክ ሁሉም የራሱ ቁጥር። የተመረጠው ሁለተኛው ነው።

ለአማርኛ ይህ ግሩም ነበር። አቀማመጡ ራሱ ያምራል። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፣ ሰባቱ ለሰባቱ ሆሄ፣ ስምንተኛው ለዲቃላ። ሀ 4608 ለስምንት ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ም 4637 ናት፣ ለስምንት ስትካፈል 5 ይተርፋል። 5 የተረፈው ሁሉ ሳድስ ነው። ፕሮግራመር ሠንጠረዥ ሳይይዝ የሆሄውን ተራ በማካፈል ብቻ ያውቃል ማለት ነው። እነ ⷈም ይህን ሥርዓት ጠብቀው ነው የገቡት።

ዋጋውን የሚከፍለው ግን አናሳው ቋንቋ ነው። አንድ አዲስ ድምፅ ያለው ቋንቋ ሲመጣ አንድ ምልክት ጨምሮ አይሄድም። ሰባት ቁጥር ይፈልጋል። ማስረጃ ይሰበሰባል፣ የታተመ መጽሐፍ ይቀርባል፣ ሰነድ ይጻፋል፣ ዩኒኮድና አይሶ (ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ሁለቱም ማጽደቅ አለባቸው። ከዚያ ፎንት ሠሪው፣ ከዚያ ስልኩ፣ ከዚያ ኪቦርዱ። ይህን ሰነድ በማዘጋጀት ለዓመታት የደከመው ዳንኤል ያዕቆብ ነው፣ ከግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጋር። የ2021ዱንም ያቀረበው እሱ ነው። አንድ ሰው ላይ ይህን ያህል የተንጠለጠለ ሥራ መሆኑ ራሱ ያሳስበኛል።

ባይት_ቆጣሪ፦

እዚህ ላይ አልስማማም። የደቫናጋሪው መንገድ ለእኛ አይሆንም ነበር። ካዕብ የት ላይ ነው የሚቀጠለው? ቡ፣ ቱ፣ ኩ ላይ መሀል። ሩ እና ፉ ላይስ? ሳድስ ደግሞ ጭራሽ ሕግ የለውም። ብን፣ ርን፣ ንን፣ ምን፣ ጥን ጎን ለጎን አስቀምጥና አንድ የጋራ ምልክት አውጣልኝ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ሕግ ባይኖረውም ፎንቱ ውስጥ እያንዳንዱን ለየብቻ መሳል ይቻላል። ዓረብኛ ፊደሉ በየቦታው መልኩ ይለዋወጥ የለ? ቁጥሩ ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን እሰጥሃለሁ። በ90ዎቹ እንደዚያ የሚያቀናጅ ሶፍትዌር የነበረው ማን ነው? የሕንድ ፊደላት ስክሪን ላይ ተሰባብረው የኖሩበት ጊዜ ነበር። የእኛ ግን ፎንት እስካለ ድረስ እንደ እንግሊዝኛው አንድ ቁጥር አንድ መልክ ነው። ስለዚህ ያኔ ለነበረው ማሽን ትክክለኛ ምርጫ ነበር። ዛሬ ቢሆን ሌላ እመርጥ ነበር። አሁን ግን መመለስ የለም፣ ዩኒኮድ አንዴ የሰጠውን ቁጥር አያነሳም፣ አይቀይርም።

ባይት_ቆጣሪ፦

በዚህ እንለያይ። ወደ ሦስተኛው ልመለስ።

"እባክዎ በግዕዝ ፊደል ብቻ ይጻፉ" የሚለውን የጻፈው ፕሮግራመር የግዕዝ ፊደል ማለት ከሀ እስከ ፼ ነው ብሎ ነው። ማለትም ከ4608 እስከ 4988። ብዙ የአገራችን ፎርም ላይ ይቺው መስመር ከአንዱ ወደ አንዱ እየተገለበጠች ትኖራለች። ᎈ 5000 ናት። በ12 ቁጥር አለፈች፣ ተባረረች። ⷈማ ከናካቴው ሌላ ሰፈር ናት።

መፍትሔው ቁጥር ከቁጥር መጻፉን ትቶ የስክሪፕት፣ ማለትም የጽሕፈት ሥርዓት፣ መለያውን መጠየቅ ነው። ዩኒኮድ እያንዳንዱ ምልክት የየትኛው ስክሪፕት እንደሆነ መዝግቦታል። ኢትዮፒክ ተብሎ የተመደበው በአምስቱም ምድብ ያለውን 523 ምልክት በሙሉ ይይዛል። የአሁን ፕሮግራም ቋንቋዎች አብዛኞቹ ይህን መለያ ያውቁታል። ነገ ሌላ ቢጨመር ኮዳችሁን አትነኩትም፣ ላይብረሪውን ማደስ ብቻ ነው።

ፎርሙ ላይ ይህን የጻፈው ሰው ክፉ አይደለም። የሚያውቀው ፊደል ያ ብቻ ነበር። ግን አንድ የጉራጌ አያት ስማቸውን ሲጽፉ ማሽን "የግዕዝ ፊደል አይደለም" ማለቱ ያሳፍራል።

የጉብሬዋ፦

ኢሞጂውን ሞከርኩት። ጠፋ፣ ከኋላው ያለውም ጠፋ። በቃ እሱ ነው!

ሰርቨር አከራዮቹ ጋ ደውዬ ይህንኑ አስረዳኋቸው። "ኢሞጂ አይሠራም" ስላቸው ቶሎ ገባቸው። "ጉራጊኛ አይሠራም" ስል ግን ፎንት ነበር መልሱ።

አሁን ሰንጠረዡን ወደ አራት ባይቱ፣ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ለመቀየር ስንሞክር ቁልፉ በጣም ረዥም ነው የሚል ስህተት ያመጣል። ቃሉ የሚገባበት ዓምድ 255 ፊደል ነው።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ኢሞጂ ለስንቱ ውለታ ዋለ! የምዕራብ አፍሪካ ፉላኒዎች አድላም የሚባል ፊደል አላቸው። ሁለት ጊኒያውያን ወንድማማቾች ልጆች ሳሉ የፈጠሩት ነው። እ.ኤ.አ. 2016 ዩኒኮድ ገባ። መነሻ ቁጥሩ 125184 ነው፣ የእናንተው ጎረቤት። እነሱም እንዲሁ አራት ባይት ናቸው። የሚስቅ ፊት ልላክ የሚለው ሕዝብ ባይበዛ ኖሮ ለእነሱና ለእናንተ ብሎ ዳታቤዙን የሚያስተካክል ኩባንያ ስንት ይገኝ ነበር?

ባይት_ቆጣሪ፦

የጉብሬዋ፣ የቁልፉ ነገር ቀላል ሒሳብ ነው። በድሮው አሠራር የኢንዴክስ፣ ያው የቁልፉ፣ ገደብ 767 ባይት ነው። 255 በሦስት ሲባዛ 765፣ ለጥቂት ይገባል። በአራት ሲባዛ 1020፣ አይገባም። ወይ ዓምዱን ወደ 191 አውርጂው፣ ወይ ማይኤስኪውኤሉን ወደ 8 አሳድጉት። 8 ላይ አራት ባይቱ ራሱ መነሻ ነው። ለመዝገበ ቃላት 191 ይበቃል፣ 191 ፊደል ያለው ቃል ካለሽ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

ሦስት ነገር አትርሺ።

ሰንጠረዡ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበትም ኤምቢ4 መሆን አለበት። ይህን ከዘለልሽው ፊደሏ በደህና ተቀምጣ ስትመጣ የጥያቄ ምልክት ትሆናለች። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ያው ነው፣ አልሠራም" ብሎ ይተወዋል።

የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋው ጃቫስክሪፕት ላይ ርዝመት ስትቆጥሪ ተጠንቀቂ። 𞟠ን አንድ ሳይሆን ሁለት ብሎ ይቆጥራታል። ውስጡ 55353 እና 57312 በሚባሉ ሁለት ግማሾች ነው የሚይዛት። "የመጀመሪያዎቹን 20 ፊደላት አሳይ" የሚል ካላችሁ ልክ መሀሏ ላይ ሊቆርጣት ይችላል፣ ያኔ ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ታያላችሁ።

ቅደም ተከተሉስ? በቁጥር ብቻ ከደረደራችሁ በᎈ የሚጀምር ቃል ከፐ በኋላ፣ ከግዕዝ አኃዝም በኋላ ይሄዳል። ፈ 4936 ናት፣ ᎈ 5000። መዝገበ ቃላት ነውና ከፈ ቤት አጠገብ መሆን አለባት። የራሳችሁን የፊደል ተራ ሠንጠረዥ ሥሩለት። ያቺ የማካፈል ዘዴም ለ2005ቶቹ እነ ᎈ እና ለ2021ዶቹ አብዛኞቹ አትሠራም፣ እነሱ ተጠጋግተው ነው የተደረደሩት።

ጋሽ_ማተሚያ፦

ፎንቱንስ ምን አደረጋችሁ? ለኅትመት ስትደርሱ አንዷ ፊደል ከሌላ ፎንት ተውሳ ስትመጣ ወፍራም ሆና ገጹን ታበላሸዋለች። እኔ ጋ እንደዚህ ያለ ሥራ ይመጣል። ሰዎቹ አያስተውሉትም፣ እኔን ግን ዓይኔን ይወጋኛል።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ልክ ነዎት ጋሼ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ነጻ ፎንት አዲሱን ቅጂ ይጫኑ። የ2021ዶቹንም ይዟል። አሮጌው ቅጂ የለውምና ይጠንቀቁ። የጉብሬዋ፣ እናንተም ዌብሳይቱ ላይ ፎንቱን አብራችሁ ጫኑት፣ የአንባቢው ስልክ ላይ ያለውን አትጠብቁ። ሳጥኑ በዚህ ያልቃል። ኪቦርድ ለሌለው ደግሞ ገጹ ላይ ፊደላቱን በቁልፍ መልክ ደርድሩለት፣ ነክቶ ያስገባ። የራሳችሁን ኪቦርድ መሥራት ካማራችሁ ኪይማን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አለ።

የጉብሬዋ፦

ሰንጠረዡ ተቀየረ፣ ግንኙነቱም ተቀየረ። 𞟠 ገባች፣ ተመልሳም መጣች! ፎርሙንም አስተካክለናል፣ ᎈን አያባርርም። ጓደኞቼ ሁላችሁንም አመስግኚልን ብለዋል፣ ጋሽ ማተሚያ እርስዎንም።

አንድ የቀረ ነገር። በፊት የተቆረጡት ዓረፍተ ነገሮች ከዳታቤዙ ውስጥ የሚመለሱበት መንገድ አለ? ብዙ ናቸው፣ የትኞቹ እንደሆኑም አናውቅም።

ባይት_ቆጣሪ፦

አይመለሱም። የተደበቀ ነገር የለም፣ የቀረው ጭራሽ አልተጻፈም። ከመጀመሪያው ወረቀት ወይም ከኤክሴሉ እንደገና ማስገባት ነው።

የትኞቹ እንደሆኑ ግን ማወቅ ይቻላል። ፊደሏን መፈለግ አትችይም፣ የለችምና። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቻችሁ በአራት ነጥብ ነው የሚያልቁት አይደል? መጨረሻቸው ። ያልሆነውን ሁሉ አውጪ። እነሱ ናቸው።

ቋንቋ_ወዳድ፦

በጥያቄ ምልክት የሚያልቁትን ከዚያ ውስጥ ቀንሺ። ደግሞ ቃሉ ራሱ የሚገባበትን ዓምድ እይ፤ ቃል አራት ነጥብ ስለሌለው በዚህ አይያዝም። በአዲሶቹ ፊደላት የሚጀምር ቃል ከነበረ ዓምዱ ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ባዶውን ፈልጊ። ፊደሏ መሀል ላይ ከሆነች ግን ከወረቀቱ ጋር ማመሳከር ነው።

የጉብሬዋ፦

ባዶ ዓምድ እኮ ነበረን! "ማን ነው ቃሉን ሳይጽፍ ፍቺውን ብቻ ያስገባው" ብለን ስንነታረክ ነበር። አሁኑኑ አወጣቸዋለሁ።